ስልካችን ለደቻቱም ይጩህ

ድሬዳዋ ላይ ዲጂታል የሚባለው ነገር የገባው ገንዘብ ባለበት በኩል ነው። ነዳጅ በስልክ፣ መብራት በስልክ፣ ውሃ በስልክ፣ የጫት ሒሳብ እንኳን አሁን አሁን በስልክ ሆኗል፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ከምትሸጠዋ ሴትዮ ጀምሮ እስከ ትልልቁ አስመጪ ድረስ "ቴሌብር አለህ?" ነው ጥያቄው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ እንጀራዬ ስልክ ነው፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ሰው ስልክ ባይዝ የምበላው የለኝም። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል፣ ይሄ ሁሉ ስልክ ይሄ ሁሉ አንቴና ይሄ ሁሉ መተግበሪያ ይዘን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ዛሬም የምንሰማው እንደ ድሮው በጩኸት ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ። እኔ ስልክ ላይ የፓኬጅ ማስታወቂያ በቀን ስንቴ ይገባል፣ ጎርፍ እየመጣ ነው ከወንዙ ውጣ የሚል መልእክት ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

ድሬን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ነው፣ ወንዝ እንላለን እንጂ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ግመል ያልፍበታል፣ ነጋዴው ሸራውን ዘርግቶ ይቸረችርበታል፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ ቤት ነው፣ የቆርቆሮም የጭቃም፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ቤት መከራየት ያልቻለ ሰው የሚኖርበት። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ውሃው የሚመጣው ከእኛ ሰማይ አለመሆኑ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በደቡብ በኩል በደንገጎ ያለው ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል፣ እዛ ላይ ሲዘንብ ዛፉ የተመነጠረ መሬት ውሃ አይዝም፣ ከየሸለቆው ተሰብስቦ ቁልቁለቱን ይዞ እኛ ጋ ይወርዳል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ኮከብ እያየ በተኛበት ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሰማዩን አይቶ መጠንቀቅ አይቻልም ማለት ነው፣ አንድ ሰው ከላይ መንገር አለበት።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም የነገረን አልነበረም። ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት ነው፣ ሰው ተኝቷል። ከ250 ሰው በላይ ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ቤት አልባ ሆነ። የድሬ ሰው በእድሜው ሲቆጥር እስከዛሬ "ከጎርፉ በፊት" "ከጎርፉ በኋላ" ይላል፣ የትኛው ጎርፍ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በ2012 ሚያዝያ ላይም እንደገና ጎርፍ ሰው ወስዶብናል፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም ሰው ኮሮና ላይ ስለነበር ከከተማው ውጪ ያለው ብዙም አላስታወሰውም።

ስለ 1998 ወጣቶቹ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ በመላ አገሪቷ ኤስኤምኤስ ዝግ ነበር። ከ1997 ምርጫ ግርግር በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው በሚሊኒየሙ ዋዜማ ነው። ስለዚህ ያን ሌሊት ደንገጎ ላይ ሆኖ ዝናቡን እያየ "ዛሬ ይሄ ውሃ ጉድ ያመጣል" ያለ ሰው ቢኖርና ሞባይል ቢይዝ እንኳን ታች ላለው ዘመዱ አንዲት መስመር መጻፍ አይችልም ነበር፣ መደወል ነው ያለው፣ ለመደወል ደግሞ ታች ያለውም ስልክ ሊኖረው ይገባል፣ ያኔ ደቻቱ ዳር ሞባይል ያለው ስንቱ ነው? ይሄን ሳስብ ሁሌ ያመኛል። መልእክት መላክ ወሬ ማቀበያ ብቻ ሆኖ የሚታየው ሰው ካለ ያችን ሌሊት ያስብ።

ዛሬ ግን ያ ምክንያት የለም። እንደውም ስልክን በተመለከተ ይሄ አካባቢ ከማንም ቀድሞ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ በ1894 በምኒልክ ጊዜ የአገሪቷ የስልክ መስመር ሥራ ሲጀመር ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነበር የተዘረጋው፣ ከጎረቤታችን ከሐረር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ለሕዝብ ከፍቶ መጀመሪያ የሞከረው ነሐሴ 2014 ላይ እዚሁ ድሬ ነው፣ አዲስ አበባ ገና ሳይገባ። ያን ሰሞን ታይዋን ሲም የሚገዛ ሰው ሰልፍ ነበር። አዲስ ነገር ይሞከርባት ሲባል ድሬ ትመረጣለች፣ እና የሕይወት ጉዳይ ሲሆን ለምንድነው ድሬ ላይ የማይሞከረው?

"ሕዝቡ ገና አልሰለጠነም፣ ዲጂታል አይገባውም" የሚለኝ ሰው አለ፣ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሉት። ይሄ እውነት አይደለም፣ እውነት አለመሆኑን ደግሞ ያየሁት በነዳጅ ነው። በ2015 ግንቦት ላይ ነዳጅ በመላ አገሪቷ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሁን ሲባል የባጃጅ ሹፌሮች ሱቄን ሞሉት። ማንበብ የማይችል አለ፣ የአባቱን ሲም ይዞ የሚሠራ አለ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ግማሹ የማይነካ ስልክ የያዘ አለ። "አቦ ይሄን ነገር አሳየኝ፣ ነዳጅ ከለከሉኝ" ይላል፣ ቁጭ አድርጌ አሳየዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሄዶ ለሌላው ያሳያል፣ ማንበብ የማይችለው የቁልፉን ቦታ በቃሉ ይዞ ሁለተኛ ከላይ፣ ከዛ የመጨረሻው፣ ከዛ ሚስጥር ቁጥር እያለ ይከፍላል። ጥቂት ሳምንት ነው የፈጀው። ሳይወድ በግድ ነው የተማረው፣ ሰልፉም እንግልቱም ብዙ ነበር፣ ግን ተደርሷል። ግንቦት 2013 ላይ የተጀመረው ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው። ፋይዳም ያው ነው፣ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ሳይቀር ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተሰልፎ እየሰጠ ነው። መንግሥት አንድ ነገር እያንዳንዱ ሰው ጋ ይድረስ ብሎ ከቆረጠ ይደርሳል። ጥያቄው ምን ይድረስ የሚለው ነው።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፣ ውድ መተግበሪያ ማሠራትም አያስፈልግም። ሴል ብሮድካስት ይባላል። ኤስኤምኤስ የሚላከው ለእያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻ ስለሆነ ለመቶ ሺህ ሰው ሲላክ ይንጠባጠባል፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ደግሞ ጠዋት የተላከው ማታ ይገባል፣ ይሄን ሁላችንም በዓል ላይ እናውቀዋለን። ሴል ብሮድካስት ግን አንቴናው ራሱ ልክ እንደ ሬዲዮ አንዴ ይለቀዋል፣ በዛ አንቴና ሥር ያለ ስልክ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ይቀበላል። ቁጥር አይጠይቅም፣ ዳታ አይፈልግም፣ ካርድ ባይኖርህም ይገባል፣ ትናንት ከጅቡቲ የገባ እንግዳም ይደርሰዋል። አዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ሳይለንት ብታደርገው እንኳን ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ይጮሃል። ደግሞ የምወድለት ነገር ማን እንደተቀበለ አያውቅም፣ ስምህን አድራሻህን የት እንደተኛህ የሚመዘግብ የለም። ፋይዳ ቁጥር አምጣ የማይል፣ ተመዝገብ የማይል፣ ዝም ብሎ ሰውን ሰው በመሆኑ ብቻ የሚያገለግል ዲጂታል ነገር ስንት አለ? ለእኔ የጋራ ጥቅም የሚባለው ይሄ ነው። ደቻቱ ዳር ያሉትን አንቴናዎች ብቻ መርጦ መልቀቅም ይቻላል፣ ሳቢያን ሰፈር ያለውን ሰው በማይመለከተው ነገር ከእንቅልፉ መቀስቀስ አያስፈልግም።

ሀብታም አገር ሁሉ ሀብታም ስለሆነ ብቻ የተሳካለት እንዳይመስላችሁ። ጀርመን እ.ኤ.አ በሐምሌ 2021 በጎርፍ ከ180 በላይ ሰው ሲሞትባት ይሄ ነገር አልነበራትም፣ ያስገባችው ከዛ በኋላ በ2023 ነው። ስፔን ደግሞ ነበራት። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 29 ቀን 2024 ቫሌንሲያ ላይ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ጠዋት ነው ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ የሰው ስልክ ላይ የጮኸው ግን ምሽት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ብዙው ሰው ውሃ ውስጥ ነበር፣ ከ220 በላይ ሞተ። መሣሪያው አለ፣ ትንበያው አለ፣ የጠፋው "አሁን ልቀቁት" ብሎ የሚወስን ሰው ነው። ይሄን ጉዳይ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምክንያቱም እኛ አገር ብናስገባው መጀመሪያ የሚገጥመን ይሄ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማነው የሚወስነው? ኃላፊው ስልኩን አጥፍቶ ተኝቶ ከሆነስ? ምክትሉ ያለ ደብዳቤ አልለቅም ቢልስ? ባልተፈጠረ ጎርፍ ሕዝብ አሸበርክ ተብዬ እጠየቃለሁ ብሎ ቢፈራስ? እኔ የምፈራው ሶፍትዌሩን አይደለም፣ ይሄንን ነው። የሚወስነው ሰው አስቀድሞ በስም መታወቅ አለበት፣ ተረኛ መሆን አለበት፣ ተሳስቶ ቢለቅ የማይቀጣ፣ እያወቀ ዝም ቢል ግን የሚጠየቅ መሆን አለበት።

ከዚህ የማይተናነስ ሌላ ጉዳይ ደግሞ አለ። ዝናቡ የሚዘንበው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ ውሃው የሚገድለው ድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ነው። ላይ ያለው ወረዳ ለእኛ ከንቲባ ተጠሪ አይደለም፣ የእኛ ከንቲባ ላይ ያለውን ወረዳ ማዘዝ አይችልም። ግን ሕዝቡ አንድ ነው፣ ደንገጎ ላይ ሱቅ ያላት ሴት እህቷ እዚህ ድሬ ገንደ ቆሬ ሰፈር ናት፣ ከላይ አትክልት ይዞ የሚወርደው ልጅ ማታ የሚያድረው ድሬ ነው። አሁን ያለን ማስጠንቀቂያ እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ከላይ የሚወርድ የአይሱዙ ሹፌር መንገድ ላይ ጎርፉን ሲያይ ለጓደኛው ይደውላል፣ ጓደኛው የባጃጅ ሹፌሮች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ድምፅ ይለቃል፣ "ላይ እየጣለ ነው፣ አሸዋው ውስጥ ያላችሁ ውጡ" በኦሮምኛም በአማርኛም። እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ከሱቄ ወጥቼ ልጆች ካሉ እጠራለሁ። ይሄ ስንት ሰው እንዳዳነ የቆጠረው የለም፣ ግን ያድናል። ስለዚህ መንግሥት የሚሠራው ነገር እነዚህን ሰዎች ገፍቶ ሳይሆን ይዞ መሆን አለበት፣ ላይ ካሉ ነዋሪዎች ውስጥ ስልካቸው የሚታወቅ፣ የዝናብ መለኪያ እጃቸው ላይ ያለ፣ ለሥራቸው የሚከፈላቸው ሰዎች ይኑሩ፣ ሲደውሉ የሚያነሳ ተረኛ ታች ይኑር። የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰርም ላይኛው ሸለቆ ድልድይ ላይ ይሰቀል፣ በሶላር የሚሠራ፣ መረጃውን በሲም ካርድ የሚልክ፣ ከባድ ነገር አይደለም፣ እኔ የማውቃቸው የድሬ ልጆች ክፍሎቹን ቢያገኙ የሚገጣጥሙት ነው። ሴንሰር ብቻውን ግን አልምንም፣ ባትሪው ይሞታል፣ ፓነሉ ይሰረቃል፣ ፕሮጀክቱ ያልቅና የለጋሹ ስም ያለበት ታፔላ ብቻ ይቀራል፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ስንት አይተናል። ሰውና ማሽን አንድ ላይ ሲሆኑ ነው አንዱ ሲደክም ሌላው የሚይዘው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስለዚህ ነገር የሚያወሩ ሰዎች የሚያስቡት እጃቸው ላይ ያለውን ሳምሰንግ ነው። ደቻቱ ዳር ያለው ስልክ ሌላ ነው። በቁልፍ የሚሠራ ኢቴል ነው፣ ቴክኖ ነው፣ ስፒከሩ አሸዋ ገብቶበት የሚያንሾካሹክ ነው። አንዳንዶቹ የግዕዝ ፊደል አያሳዩም፣ አማርኛ መልእክት ሲገባ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ሰዎች ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ "ይሄ ምን ይላል? አንብብልኝ" እያሉ፣ እኔም ሲሙን አውጥቼ ሌላ ቀፎ ላይ ከትቼ አነባለሁ። እንግዲህ ያ መልእክት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቢሆን አስቡት። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ስለሚጻፉ የትኛውም ስልክ ላይ ይታያሉ፣ አማርኛው ነው የሚጠፋው። ደግሞ በእኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ በላቲን 160 ይይዛል። ስለዚህ "የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች ሆይ" ብሎ ሰላምታ የሚጀምር መልእክት ዋናው ነገር ሳይደርስ ያልቃል። እንዲህ ቢሆንስ፦ "ደቻቱ ጎርፍ እየመጣ ነው። አሁኑኑ ከአሸዋው ውጡ። ወደ ከፍታ ሂዱ። ልጆች ቀስቅሱ።" ከ70 አያልፍም፣ ምን እንደመጣ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ይሄ ዓረፍተ ነገር ዛሬ በበጋ ተጽፎ፣ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማልኛ በሐረሪ ተተርጉሞ፣ በድምፅም ተቀድቶ መቀመጥ አለበት። ጎርፉ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ረቂቅ የሚያርም መኖር የለበትም።

በቁልፍ የሚሠሩት ስልኮች ላይ ደግሞ ሴል ብሮድካስት ብዙውን ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ካልከፈትከው ዝግ ነው። ይሄን ማን ያውቃል? እኛ ጠጋኞች እናውቃለን። ከተማው ውስጥ ያለን ጠጋኞች ተሰባስበን ለመጠገንም ለካርድም ለቻርጅም የመጣውን ስልክ ሁሉ እግረ መንገዳችንን እየከፈትን ብንሰጥ በአንድ ክረምት ብዙ ስልክ ይዳረሳል፣ ሰው ሳንቲም አያወጣም፣ እኔ ነገ ጀምር ብባል እጀምራለሁ፣ የማውቃቸው ልጆችም እንደዛው።

ቻርጅ ካነሳሁ አይቀር። መብራት የሌላቸው ወይ መስመሩ የተቆረጠባቸው ሰዎች ስልካቸውን ማታ ሱቅ ትተው ያድራሉ፣ ጠዋት ይወስዳሉ። ሌሊት መልእክት ቢመጣ እኔ ሱቅ ውስጥ ተሰልፎ የሚጮኸው ባለቤቱ የሌለበት ስልክ ነው። እናት ስልኳ እዚህ፣ እሷና ልጆቿ ደቻቱ ዳር። ለዚህ ነው ስልክ ብቻውን አይበቃም የምለው፣ ስልክ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ሆኜ። የድሬ ትልቁ ድምፅ የመስጊዱ ማይክ ነው፣ የቤተክርስቲያኑም። ሱብሂ ሲባል ከመጋላ እስከ ከዚራ ይሰማል። ኢማሙም ቄሱም ስልካቸው ላይ ያ ማስጠንቀቂያ ሲገባ ማይክ እንዲከፍቱ አስቀድሞ ከተነጋገርን፣ ለማይኩም መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪ ከተቀመጠ፣ ስልኩ የሌለው ሰውም ይሰማል። የከተማው ሬዲዮም አለ፣ ባጃጆቹ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ዲጂታል ማለት የድሮውን መጣል ማለት አይደለም። እንደውም ጥሩው ዲጂታል የድሮውን ድምፅ ቀድሞ የሚቀሰቅስ ነው።

ዝም ሲባል ደግሞ ክፍተቱን ማን እንደሚሞላው እናውቃለን። ክረምት ሲገባ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሌላ አገር የጎርፍ ቪዲዮ "ሰበር፣ አሁን ድሬዳዋ" ተብሎ ይለቀቃል፣ የድሮውም እንደ አዲስ ይዞራል፣ አንዱ "የወንዙ ግንብ ተደረመሰ" ይላል፣ ሰው ልጁን አቅፎ በጨለማ ይሮጣል፣ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ ይሄ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደረሰበት እውነተኛው ሲመጣ አይነሳም። በውሸት የሚደክም ሕዝብ እውነቱ ሲነገረው ያመነታል፣ ይሄ የማንም ሕዝብ ጠባይ ነው። መድኃኒቱ ኢንተርኔት መዝጋት አይደለም። በ2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ በመላ አገሪቷ ኢንተርኔት ተዘግቶ ወደ ሦስት ሳምንት ስንከርም ያየነው ነው፣ ውሸቱም አልቆመም እውነቱ ግን ጠፋ። መድኃኒቱ አንድ የሚታመን ድምፅ ነው፣ ውሃ ሲኖር አለ የሚል፣ ሲያልፍ አለፈ የሚል። "አልፏል፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ" የሚለው መልእክት እንደ መጀመሪያው አስፈላጊ ነው፣ ሰዉ ዝናብ ላይ ቆሞ ማደር የለበትም።

ለምን እስካሁን ይሄ እንዳልቀደመ ሳስብ የሚመጣልኝ አንድ ነገር ነው። በክፍያ ላይ ኮሚሽን አለ፣ በብድር ላይ ወለድ አለ፣ በፓኬጅ ላይ ትርፍ አለ። ሰው ከጎርፍ ሲድን የሚገባ ሂሳብ የለም። ስለዚህ ኩባንያ በራሱ ተነሳሽነት ያደርገዋል ብሎ መጠበቅ ልክ አይመስለኝም፣ ክፋት ስላለባቸው ሳይሆን ሥራቸው ስላልሆነ። የሚያዝ መኖር አለበት። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለዚህ ነው ያለው፣ ሁለቱም ኦፕሬተር በነፃ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲለቁ ማስገደድ ይችላል፣ የአንዱ ሲም ያለው ሰምቶ የሌላው ሲም ያለው የሚሰምጥበት ነገር ሊኖር አይገባም። ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያውን ይሰጣል፣ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ያስተባብራል፣ ከተማው ይወስናል። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ እስከ 2027 መጨረሻ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው ብሎ በ2022 ተነስቷል፣ መጀመሪያ ከተመረጡት 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በር ተከፍቷል ማለት ነው፣ እና ከኢትዮጵያ ከተሞች ውስጥ ማን ይቅደም ሲባል ድሬ እጇን ማውጣት አለባት፣ በ1998 የከፈለችውን የሚያውቅ ሰው አይከለክላትም።

ኮሪደሩ አምሯል፣ መብራቱ ያምራል፣ ማታ ማታ ቤተሰብ ወጥቶ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። ስማርት ሲቲ የሚለውን ቃልም ስብሰባ ላይ እሰማለሁ። እኔ ከተማዋን ስማርት የምላት ያቺ በጭቃ ቤት ያለችው እናት ስልኳ ቴክኖም ይሁን ኢቴል፣ አማርኛ ታንብብም አታንብብ፣ ውሃው ሳይደርስ ልጆቿን ይዛ ከወጣች ነው። ከዛ በኋላ ስለ ካሜራውም ስለ መተግበሪያውም እናውራ።

እና ይሄን የምታነቡ ከተማ አስተዳደሩ ውስጥ የምትሠሩ የድሬ ልጆች አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ሱቄ ትመጣላችሁ። ሥራው ከተጀመረ ሙከራውን እንደ ወጉ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ጋዜጠኛ ጠርታችሁ፣ አዳራሽ ውስጥ እንዳትሠሩት። ከሰዓትም አይሁን፣ ያኔ ግማሹ ከተማ በሙቀቱ ተኝቷል፣ ግማሹ ባርጫ ላይ ነው፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው። ሕዝቡን ከሳምንት በፊት በሬዲዮም በመስጊድም በቤተክርስቲያንም አስታውቃችሁ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልቀቁት፣ መብራት በጠፋበት ሰፈርም ጭምር፣ ከዛ በማግስቱ ደቻቱ ዳር ቤት ለቤት ዞራችሁ ማን እንደሰማ ማን እንዳልሰማ፣ ያልሰማውም ለምን እንዳልሰማ ጻፉ። የዙሩ ቀን እኔም አብሬ እወጣለሁ፣ ያልጮኸውን ስልክ እዛው ከፍቼ አያለሁ፣ ለዚያ ሳንቲም አልቀበልም።